በአድማሱና በፈረደ መካከል

መልእክቱ የሚጀምረው «እህቴ ሃዳር» ብሎ ነበር።

ከዚያ በታች ያለውን ለማንበብ ጊዜ ወሰደባት። ስልኩን ትራሱ ላይ ደፋችው፤ ተመልሳ አነሳችው። አቪያድ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ሲጽፍላት በስሟ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ያለ ስም፣ ሲያወራት የቆየ ይመስል፣ ከመካከል ይጀምራል፦ «ዛሬ ጠዋት የባቡር ጣቢያው ጣሪያ አንቺ የምትወጂውን ቢጫ ለብሶ ነበር።» አሁን ግን በየሰርጉ ለሚያገኛት ለማንኛዋም የዘመድ ልጅ እንደሚለው፣ እህቴ አላት።

«እህቴ ሃዳር፣ አባ ጀምበሬ ያሉትን ሰምተሻል። አምስት ቤት ነው። ከእንግዲህ አልደውልም፤ አንቺም አትደውዪ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ታውቂ ነበር ወይ?»

ከግድግዳው ማዶ እናቷ ማንተገብሽ ብርጭቆዎቹን ወደ ቁም ሳጥኑ እየመለሰች ነው። ለሽማግሌዎቹ ብላ ሰንበት ሳይገባ አጥባ ያሰለፈቻቸው ብርጭቆዎች ናቸው። ሰንበት ሲወጣ የአቪያድ ሽማግሌዎች ሊመጡ፣ ሊቀመጡ፣ ልጅቷን ሊጠይቁ ነበር። የመጡት ግን አባ ጀምበሬ ብቻቸውን ናቸው። አልተቀመጡም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ እንደቆሙ፣

«ማንተገብሽ፣ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው» አሉ። «የእናንተ አድማሱ የእነሱን ፈረደን ወልዷል። መሰብሰቢያው ማትናስ፣ የቤተሰቡ ስም የተለጠፈበት ግድግዳ ላይ አይቼው ነው የመጣሁ። ሁለቱም ከአድማሱ አምስተኛ ቤት ናቸው። ሰባት ሳይሞላ እንዴት አድርጌ ልጠይቅ?»

ከጎንደር በመጡት በእነ ሃዳር ወገኖች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ መራመድ ስትለምድ አብራ የለመደችው ነገር ነው። ስለዚህ አልተከራከረችም። የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ የአባ ጀምበሬን ጫማ ስታይ ቆየች። ለዚህ ቀን ብለው አስጠርገውት ነበር።

ያንን የስም ግድግዳ የሠራችው ራሷ ሃዳር ናት።

ለአቪያድ መልስ ለመጻፍ ሞከረች። ጻፈች፤ አጠፋችው። ቁጣ ቢመጣላት በወደደች። የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ መንገድ ሲጠፋበት የሚሰማው ዓይነት ቅዝቃዜ።

* * *

በማግስቱ የሰፈሩ መሰብሰቢያ፣ ማትናሱ፣ ገና ከመከፈቱ ደረሰች። ምድር ቤቱ የጡረተኞች ነው። ፎቁ ላይ ረጅም መተላለፊያ አለ፤ ለስግድ በዓል ተብሎ የቤተሰቦቹ ስም የተለጠፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ሃዳር የግራፊክ ዲዛይን ትምህርቷን ጨርሳ መጀመሪያ የሠራችው ትልቅ ሥራ ይህ ነው። ሌሎች የትውልድ ሐረግ ሲሠሩ ስሞቹን በመስመር ያያይዛሉ፤ ውጤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስላል። እሷ አንድም መስመር አላስገባችም። ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት መምህሯ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ነጥቦች በትና «ምን ታያላችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሁሉም «ሁለት ቡድን» አሉ። ነጥቦቹን ያያያዘ ነገር ግን አልነበረም።

«ዓይን ብቻውን የቆመ ነገር አይወድም» አለች መምህሯ። «የተቀራረበውን ቤተሰብ ያደርገዋል። ስለዚህ እናንተ የምትሠሩት ነጥቡን አይደለም፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነው።»

ሃዳር ያንን አምና ሠራች። አባት ከላይ፣ ልጆቹ በአንድ ተርታ ከሥሩ፣ የልጅ ልጆች ከእነሱ ሥር። ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚለየው በባዶ ቦታ ብቻ ነው። ስሞቹን የነገሯት አያቷ ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ፈረደ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አንስተው፣ «እሱን ለብቻው አቁሚው» አሏት። «የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። የማላውቀውን አላስጽፍም።» እሷም ከፈረደ በስተግራ አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ ተወችለት። በሥራው ሁሉ ውስጥ የምትወደው ያንን ቦታ ነበር። አለማወቅ እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ መቻሉ ደስ ይላት ነበር።

አሁን ግድግዳው ፊት ቆማ ፈለገችው። የለም።

የአድማሱ ልጆች በተርታ ተቀምጠዋል፤ ቀጥሎ፣ በዚያው ልክ ርቀት፣ በዚያው ተርታ፣ ፈረደ። ማንም ሰው ቢያየው የመጨረሻው ልጅ ነው የሚለው። እሷም ራሷ ሌላ ነገር ለማየት ብትታገል ዓይኗ እምቢ አላት።

እንዴት እስካሁን አላየችውም? ግድግዳው በተመረቀ ቀን ሰው ሁሉ ስሞቹን ሲያይ እሷ መሰላሉን ነበር የምታየው። አቪያድ እላዩ ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ጥግ በመዳፉ እየዳበሰ ያስተካክል ነበር። ሻዓራይም ሰፈር አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ያትማል፣ ይቆርጣል፣ ሄዶ ይለጥፋል። ከመሰላሉ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም አቀረቀሩ።

«አልመለስሽልኝም» አለ ድምፅ ከኋላዋ።

አልዞረችም። ኮሌታው የተጨማደደ የሥራ ሸሚዙን ሳታየው ታውቀዋለች።

«አትደውዪ አልከኝ» አለች።

«ጠየቅሁሽ እኮ። ታውቂ ነበር ወይ?» አጠገቧ ሳይደርስ ቆመ። «ስሞቹን የነገሩሽ አያትሽ ናቸው። ያስቀመጥሻቸው አንቺ ነሽ። ይኸው፣ የኛን ፈረደ ከእናንተ ልጆች ጋር አሰልፈሽዋል። ይህን ሁሉ ጊዜ እጄን ስትይዢኝ...»

«እኔ እንዲህ አላስቀመጥኩትም።»

«ታዲያ በራሱ መጣ?»

እጆቹን አየች። አውራ ጣቱ ላይ ሁልጊዜ የመቁረጫ ቢላ ምልክት አለ።

«አቪያድ፣ ስትለጥፈው ግድግዳው በቃው?»

«ምን?»

«በቃው ወይ?»

«አልበቃውም» አለ። «ጫፉ ላይ የእሳት ማጥፊያ ሳጥን አለ፤ እሱን መሸፈን ክልክል ነው። ሰው ደግሞ ከታች እየጠበቀ ነበር። የታተመው በሁለት ወርድ ወረቀት ስለሆነ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ቆረጥኩ።»

«ምኑን ቆረጥክ?»

«ምኑንም። ባዶውን ነው እንጂ። ምንም ያልተጻፈበትን።»

ተናግሮ ሳይጨርስ የራሱን ቃል ሰማው። ግድግዳውን አየ፤ ፈረደን፣ አድማሱን፣ እንደገና ፈረደን። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቦታውን ለቀቀ። ከዚያ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

ሲመለስ በእጁ አቧራ የጠጣ ረጅም ቁራጭ ይዟል። መኪናው ውስጥ የመሰላሉ እግር ግድግዳ እንዳይፍቅ ጠቅልሎበት ነበር። እሱ የቀኙን ወርድ ከላይ ጀምሮ ቀስ ብሎ ላጠና ወደ ጎን ይዞት ቆመ፤ እሷ ቁራጩን በመካከል ዘረጋችው። የጫማና የመሰላል ምልክት ያለበት፣ ምንም ያልተጻፈበት ቁራጭ። ፈረደ ከአድማሱ ልጆች ተለየ። ብቻውን፣ በትዕግሥት፣ አያቷ ባሉት ቦታ ቆመ።

ከቁራጩ ወዲያና ወዲህ ሆነው ተያዩ። አቪያድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔ ነኝ» አለ። «በገዛ ቢላዬ።»

«ምን እየቀደዳችሁ ነው?»

አባ ጀምበሬ ናቸው። ከምድር ቤት ድምፅ ሰምተው ወጥተዋል። ሃዳር ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጣ አታውቅም። አሁን ግን እየተንተባተበች ነገረቻቸው፤ ግድግዳው ማጠሩን፣ ቁራጩን፣ አያቷ ያሉትን። አባ ጀምበሬ እስክትጨርስ አዳመጡና ቁራጩን በጣታቸው ጫፍ ነኩት።

«ምን ተጽፎበታል?»

«ምንም፣ አባ።»

«እንግዲህ ምንም ያልተጻፈበት ነገር አምጥታችሁ በምን ልመን?» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበዳት። «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። መጀመሪያ አቀረባችሁት፤ ሥራ እንዲያልቅላችሁ። አሁን ታርቁታላችሁ፤ ልባችሁ እንዲያርፍላችሁ። ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ብታደርጉት እኔ ምን አውቃለሁ? ደግሞም አያትሽ አላውቅም ካሉ፣ አላውቅም ማለት ዘመድ አይደለም ማለት አይደለም።»

«የሚያውቅ ሰው የለም?» አለ አቪያድ።

«የአያትህ እህት እማዋይሽ ነበረች፤ ለፈረደ የልጅ ልጁ ናት። አሽቀሎን ሄጄ ጠየቅኋት እኮ። በሟቹ ወንድሜ ስም እየጠራች ስታጫውተኝ ዋለች። የእሷ ነገር አብቅቷል።» ኮፍያቸውን አጠለቁ። «በሉ ግድግዳውን መልሱት፤ የመንግሥት ቤት ነው።»

የተላጠው ወርድ ተንጠልጥሎ ሊቀር አይችልም። አቪያድ የቀኙን ወርድ ወደነበረበት መለሰው። ሃዳር እጁን አየችው፤ ያው በምረቃው ቀን ያየችው መዳፍ፣ ያንኑ ጥግ እየዳበሰ፣ ፈረደን አድማሱ አጠገብ መልሶ አጣበቀው።

* * *

«ሴት ልጅ የራሷን ነገር ልትጠይቅ አሽቀሎን ትሄዳለች?» አለች ማንተገብሽ። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፤ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውላ መግባቷ ነው። «ሽማግሌ እያለ? አባ ጀምበሬ ሄደው ያላገኙትን አንቺ ልታገኚ?»

«እኔ እንጃ።»

«ወሬው ወጥቷል፣ ልጄ። ዛሬ ሥራ ቦታ ሁለት ሰው ጠየቀኝ። ዝም ካልን ዝም ይላል።»

ሃዳር ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ጨው በጣቷ እየሰበሰበች ነበር። ጮክ ብላ የምትናገር ልጅ አይደለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ «ድምፅሽን አውጪ» ሲሏት ነው ያደገችው። አሁንም አላወጣችውም።

«እማዬ፣ ካልሄድኩ ዕድሜዬን ሙሉ ወንድሜ ስለው ልኖር ነው። ሰርጉ ላይ ቆሜ እልል ልልለት ነው።»

ማንተገብሽ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ሲንኮሻኮሽ የነበረው የከረጢት ድምፅ ቆመና ተመለሰች። የላስቲክ ከረጢት ሙሉ መንደሪን ልጇ ፊት አስቀመጠች።

«ባዶ እጅሽን አትሂጂ» አለች፤ ፊቷን አዙራ።

* * *

ረሆቮት ባቡር ጣቢያ አቪያድን ቀድሞ ቆሞ አገኘችው። እንደምትመጣ አልነገረችውም ነበር፤ እሱም እንደሚሄድ አልነገራትም። አንድ ላይ ተሳፈሩ፤ አንድ ላይ ግን አልተቀመጡም። እስኪታወቅ ድረስ ምን እንደሆኑ አያውቁም። እሷ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ እሱ መተላለፊያው ጋ፤ በመካከላቸው ያለው ወንበር ላይ ሃዳር መንደሪኑን አኖረች። የሚያያቸው ሰው የማይተዋወቁ ሁለት መንገደኞች ይላቸዋል።

በቀጥታ ልታየው አልደፈረችም፤ በመስታወቱ ታየው ነበር። ባቡሩ በጥቅጥቅ የብርቱካን ዛፎች አጠገብ ሲያልፍ ፊቱ በጨለማው ላይ ጎልቶ ይወጣል፦ ያበጠ ዓይኑ፣ የተነከሰ ከንፈሩ። ዛፎቹ አልቀው ብሩህ አሸዋ ሲመጣ ይጠፋል። እዚያው ነበር፤ ከኋላው ያለው ነገር ሲለወጥ ግን ዓይኗ ይጥለዋል። አሽዶድን እስኪያልፉ እንዲህ አገኘችው፣ አጣችው፣ አገኘችው፣ አጣችው።

የሁለት የሞቱ ሰዎች ስም በራቀ ቁጥር ነው እኛ የምንቀርበው፣ ብላ አሰበች። እንደዚህ ያለውን ሥራ የትኛውም መምህር አላስተማራትም።

«አዎ ካለችስ?» አለ አቪያድ ወደ ፊት እያየ።

«አዎ ካለች አንተ በመጀመሪያው ባቡር ተመለስ። እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ትናንት እንደዚያ ስለተናገርኩሽ...»

«አሁን አትንገረኝ» አለችው። «አዎ ካለች ይቅርታህን የት አደርገዋለሁ?»

* * *

በሩን የከፈተችላቸው የእማዋይሽ ልጅ ኤስቲ ናት። «ዛሬ ደህና ናት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ተስፋ አታድርጉ። ጠዋት እኔ ነርሷ መስያት ደሞዜን ስትጠይቀኝ ነበር።»

እማዋይሽ ትንሽ ሆነው፣ በትልቅ ወንበር ውስጥ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ተቀምጠዋል።

«ይህ ረጅሙ የማን ነው?»

«የወንድምሽ የልጅ ልጅ ነው፣ እማዬ።»

«የዚያ ማር ሰርቆ ለእኔ ዱላ ያስቀመሰኝ ወንድሜ?» ሳቁ። «በል እጅህን ከማሰሮው አርቅ። አንቺስ? ሚስቱ ነሽ?»

ኤስቲ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አይደለሁም፣ እማማ» አለች ሃዳር።

«ለምን?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።» ምንጣፉ ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሽማግሌ ነበር ይህን መጠየቅ ያለበት፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋ እየነደደ፣ የራሷን ነገር፣ በራሷ አፍ ጠየቀች። «እማማ፣ ፈረደ የማን ልጅ ነው? የአድማሱ ነው?»

«ፈረደ» አሉ እማዋይሽ። «አያቴ። ፈረደ... የአድማሱ... አይ፣ አድማሱ የወለደው ደስታን ነው። ደስታ ነው? ወይስ ደስታ የኤስቲ አባት ነው?» ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ። «ጀምበሬም ይህንኑ ጠየቀኝ። ጀምበሬ ነው? ስሙ ይመጣል፤ ልይዘው ስል ደግሞ...» እጃቸውን ጨብጠው ባዶውን ከፈቱት። «ተዉኝ። ደከመኝ።»

«በቃ» አለ አቪያድ። «ሃዳር፣ ያላ፣ እንሂድ። አታሰቃዪያቸው።»

ሃዳር አልተነሣችም። አሮጊቷ የከፈቱትን መዳፍ እያየች ነበር። ስሞቹ ጠፍተዋል። ግን ስም ብቻ ነው እንዴ ያለው? አንድ ሰው የፊደሉን ቅርጽ ረስቶ የገጹን አቀማመጥ ያስታውስ ይሆናል፤ እላይ፣ በግራ በኩል ነበር እንደሚል። ከረጢቱን ፈታች። አንድ መንደሪን አውጥታ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«እማማ፣ ስሙን ይተዉት። ልጅ ሆነው ከቤታችሁ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት የማንን ቤት ነው?»

«የደጁን በረት ነዋ።»

«ከዚያስ?»

እማዋይሽ መንደሪኑን አዩት። አንዱን ከከረጢቱ አወጡ፤ ቀጥሎ ሌላ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ይህ የእኛ ነው። ወንዙን ስጪኝ።» ኤስቲ ማንኪያ አቀበለቻቸው፤ በጠረጴዛው ላይ አጋድመው አኖሩት። «ከወንዙ ወዲያ ዳገቱ። ዳገቱ ላይ የአድማሱ ቤት፤ ልጆቹ ዙሪያውን። ይኸው እንዲህ፣ እንደ ጫጩት ተጠጋግተው። የአንዱ ቤት ጭስ ከአንዱ ቤት ይገባል። ወንድም ከወንድሙ ርቆ ቤት አይሠራም ነበር።» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መንደሪን በአድማሱ ዙሪያ ተደረደሩ።

«ፈረደስ?» አለች ሃዳር። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

እማዋይሽ ትልቁን መንደሪን መርጠው አነሡ። ጥቂት በአየር ላይ ያዙት። ከዚያ አመጡና አድማሱ ጎን፣ ልጣጭ ለልጣጭ አስነክተው አስቀመጡት።

አቪያድ ግድግዳውን ተደገፈ። ሃዳር የተነካኩትን ሁለት ፍሬዎች እያየች፣ አለቀ፣ አለች በልቧ። ለካ ዓይኔ አልዋሸኝም። ቢላውም አልዋሸም። ወደ አቪያድ ቀና ማለት ፈራች፤ ቀና ካለች የምታየው ወንድሟን ነው።

የአሮጊቷ እጅ ግን ከፍሬው ላይ አልተነሣም።

«እዚህ አደረ» አሉ። «ሲመጣ። ከወልቃይት፣ መዶሻና ጉጠት ተሸክሞ፣ ማንንም ሳያውቅ። አድማሱ ነው ያሳደረው። ክረምቱን እዚያ ከረመ። ከዚያ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ነው፣ ጫጫታው ሕፃን አያስተኛም አሉና...» ፈረደን በመዳፋቸው እየገፉ፣ ዳገቱን አወረዱት፣ ማንኪያውን አሻገሩት፣ ሜዳውን አሳለፉት፣ ከመጀመሪያው መንደሪን፣ ከራሳቸው ቤት ጋር አጋጠሙት። «...እዚህ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሠራ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው።»

ሃዳር ጣቷን አድማሱና ፈረደ መካከል ባለው የጠረጴዛ ልብስ ላይ አደረገች። «እዚህ መካከልስ ምን አለ፣ እማማ?»

«ምን ይኖራል? ባዶ ነው። ሜዳ ነው። ከብት ይውልበታል።»

ኤስቲ ለአባ ጀምበሬ ስልክ እየደወለች ነበር። አባ ጀምበሬ ሲያነሡ እናቷ ጆሮ ላይ ያዘችላቸው፤ ድምፃቸው ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«ጀምበሬ ነህ? አንተ ቆሜ ካላየሁ የማታምን። ፈረደን የአድማሱ ልጅ ነው አልክ አሉ። ሰው ያደረበት ቤት ሁሉ አባቱ ነው?»

«እማዋይሽ፣ ዛሬ በስሜ ጠራሽኝ።»

«ከወልቃይት የመጣ እንግዳ ነው። ከወንዙ ወዲህ ነበር ቤቱ። አባትህ ማረሻ ሊያሠራ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ነበር የሚሻገር።»

ኤስቲ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት አየችው።

«አባቴ» አሉ አባ ጀምበሬ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ «ማረሻ በሰበረ ቁጥር ‹ወደ ማዶው ፈረደ ልሂድ› ይል ነበር። የማዶው ፈረደ። ልጅ ሆኜ ስሙ ይመስለኝ ነበር።» ትንፋሻቸው ተሰማ። «ልጅቱ እዚያ ናት?»

«አለሁ፣ አባ።»

«ያን ምንም ያልተጻፈበትን ቁራጭ አልጣላችሁትም?»

«አልጣልነውም።»

«ቤሰደር፣ ይሁን። ወደ ቦታው መልሱት። ለእናትሽም ብርጭቆዎቹን ታውጣ በያት።»

ሃዳር አላለቀሰችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ትንፋሿም ሲወጣ የሚያልቅ አልመስላት አለ። እማዋይሽ በዚያ መሐል ፈረደን አንሥተው መላጥ ጀምረው ነበር። ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ለረጅሙ፣ አንዱን ለእሷ ሰጡ።

«ብዪ» አሉ። ከዚያ ፊቷን በደንብ አዩና ግራ ገባቸው። «ማን ነበርሽ፣ ልጄ? የእሱ ሚስት ነሽ?»

አቪያድ ከግድግዳው አልተላቀቀም። በእጁ ግማሹን መንደሪን እንደያዘ፣ ዓይኑን ሳይሰብር አያት።

«ሃዳር ትባላለች» አለ፤ ስሟን እንደ አዲስ እየሞከረው።

* * *

ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሃዳር እንደ ጠዋቱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ኤስቲ የሰጠቻትን ከረጢት፣ ያልተበሉትን የአድማሱን ልጆች፣ ሳታስበው እንደ ጠዋቱ አጠገቧ አኖረች። አቪያድም ተከትሏት መጣና ከረጢቱን አይቶ መተላለፊያው ጋ ተቀመጠ። ማንም አልከለከላቸውም። የሰውነታቸው ልማድ ገና ዜናውን አልሰማም።

ጥቅጥቁ የብርቱካን ዛፍ መጣ። ፊቱ መስታወቱ ላይ ወጣ። ብሩሁ ሜዳ ሲመጣ እንደምታጣው ታውቃለች፤ ጠዋት በእያንዳንዱ ጊዜ ልቧ ሲሰነጠቅ ነበር። ከመስታወቱ ዞረች።

ከዚያ፣ ድምፅሽን አውጪ ሲሏት ያደገችው ልጅ፣ ምንም ድምፅ ሳታወጣ፣ ከረጢቱን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።